የምድጃ ሙቀት መለኪያ ታሪክና የማይክሮዌቭ ዳሳሽ ብልሽት ፍለጋ

ምድጃ የሺህ ዓመታት ዕድሜ ያለው ዕቃ ቢሆንም የራሱን ሙቀት የሚለካበትና የሚቆጣጠርበት መሣሪያ በስፋት ያገኘው ባለፉት መቶ ዓመታት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የምድጃን ሙቀት ማወቅ የጋጋሪው ሙያ ነበር፤ ዛሬ ግን ይህ ሙያ ዳሳሽ ወይም ሴንሰር ለሚባሉ፣ ማለትም ሙቀትን ወይም እርጥበትን ተረድተው ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለሚለውጡ ጥቃቅን ክፍሎች ተላልፏል። በማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጥ እነዚህ ክፍሎች ሲበላሹ፣ ወይም ሳይበላሹ የተበላሹ ሲመስሉ፣ ምድጃው ሥራውን አቁሞ በመስኮቱ ላይ የፊደልና የቁጥር ምልክት ያሳያል፤ ባለቤቱ ወይም ጠጋኙ ምልክቱን አምኖ ዳሳሹን ይቀይራል፤ ብዙ ጊዜም ምልክቱ ተመልሶ ይመጣል። ይህ የሚሆንበት ምክንያት በዳሳሹ ታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ ከጥቂቶች በቀር የምድጃ ዳሳሾች የሚለኩት ምግቡን ሳይሆን ከምግቡ ርቆ ያለውን አየር፣ ብረት ወይም እንፋሎት ነውና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ የምትጋግር ሴት እጇን ወደ ምድጃው ውስጥ አስገብታ ግለቱ እስኪያስወጣት ድረስ ትቆጥር ነበር፤ ወይም ነጭ ወረቀት አለያም ጥቂት ዱቄት በምድጃው ወለል ላይ አድርጋ ቡናማ እስኪሆን የሚፈጅበትን ጊዜ በማየት ለዳቦ ወይም ለኬክ የሚበቃ ሙቀት መኖሩን ትወስን ነበር። በኢትዮጵያም እንጀራ ጋጋሪ የምጣዱን ግለት የምታረጋግጠው በማሟሻ ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ትንሽ እንጀራ ዐይን አወጣጥና ከምጣዱ አለቃቀቅ እሳቱ መጨመር ወይም መቀነስ እንዳለበት ይነግራታል። እነዚህ ዘዴዎች በቁጥር የማይገለጹና ከሰው ወደ ሰው የሚለያዩ በመሆናቸው ሳይንሳዊ ሊባሉ አይችሉም፤ ይሁን እንጂ ማሟሻ ከኋላ ለመጡት መሣሪያዎች በአብዛኛው ያልተሰጠ አንድ ብልጫ ነበረው፤ ሙቀቱ የሚፈተነው በራሱ በሊጡ ነበር።

ሙቀትን ራሱ ተረድቶ እሳትን የሚቆጣጠር መሣሪያ በመሥራት ከቀደሙት መካከል በእንግሊዙ ንጉሥ በቀዳማዊ ጄምስ ዘመን በዚያ አገር ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬበል ይገኝበታል። ድሬበል በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራው የዕንቁላል መፈልፈያ ምድጃ፣ ሙቀት ሲጨምር መጠኑ የሚሰፋው አልኮል ሜርኩሪን እየገፋ የእሳቱን አየር መተላለፊያ እንዲያጠብ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ እንዲከፍት ተደርጎ የተዘጋጀ ነበር። ፋረንሃይት በ1714 የሜርኩሪ ቴርሞሜትሩን፣ ሴልሲየስም በ1742 በመቶ የተከፈለውን መለኪያውን ካቀረቡ በኋላ ሙቀት በቁጥር የሚነገር ነገር ሆነ፤ ቁጥሩን ማንበብና በቁጥሩ መሠረት እሳቱን ማስተካከል ግን የተለያዩ ሥራዎች በመሆናቸው ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በሰው እጅ ቆየ።

ሁለተኛውን ሥራ ከሰው እጅ ያወጣው ከሰዓት ሥራ የመጣ ብልሃት ነው። እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሃሪሰን በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለባሕር ጉዞ በሚሠራው ሰዓት ላይ የሙቀት ለውጥ የሚያመጣውን መዛባት ለማረም፣ በሙቀት እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶችን ጎን ለጎን አጣብቆ አንዱ ከሌላው ይልቅ ሲረዝም ጥምሩ እንዲጎብጥ አደረገ። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት አንድሩ ዩር በ1830 ይህንኑ ጥምር ብረት ለሙቀት መቆጣጠሪያነት በማዋል የፈጠራ መብት ያገኘ ሲሆን፣ ቴርሞስታት የሚለው ስምም ከእርሱ ጋር ይያያዛል። ወደ ቤት ኩሽና በስፋት የገባው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፤ በእንግሊዝ አገር በ1923 የቀረበው ሬጉሎ የተባለው የጋዝ ምድጃ መቆጣጠሪያ፣ በናስ ቱቦ ውስጥ ኢንቫር የተባለውንና በሙቀት እምብዛም የማይለጠጠውን የብረትና የኒኬል ቅይጥ ዘንግ በመያዝ፣ ናሱ ሲረዝም ዘንጉ የጋዙን መተላለፊያ እንዲያጠብ ያደርግ ነበር። በእንግሊዝ የምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍት እስከ ዛሬ ሙቀት በዲግሪ ብቻ ሳይሆን በጋዝ ምድጃ ቁጥር የሚጻፈው የዚህ ዓይነቱ መቆጣጠሪያ ትቶት በሄደው ልማድ ነው።

ከዚህ የብረት መለጠጥ መንገድ ጎን ለጎን በኤሌክትሪክ በኩል የሚሄድ ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። ማይክል ፋራዴይ በ1833 የብር ሰልፋይድን ሲመረምር፣ ይህ ንጥረ ነገር ሲሞቅ ኤሌክትሪክን ይበልጥ እንደሚያሳልፍ ተመለከተ፤ ነገሩ እንግዳ ነበር፣ ተራ ብረት ሲሞቅ የኤሌክትሪክን ፍሰት የመከልከል ጠባዩ፣ ሬዚስታንስ የሚባለውና በኦም የሚለካው፣ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለምና። የፋራዴይ ግኝት ለመቶ ዓመት ያህል ጥቅም ላይ ሳይውል ሲቆይ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደው ፕላቲነም ቀደመ፤ ዊልያም ሲመንስ በ1871 የፕላቲነም ሽቦን ለሙቀት መለኪያነት አቀረበ፤ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ንባባቸው እየተዛባ ቢያስቸግሩም ሂዩ ካለንደር በ1880ዎቹ ጉድለታቸውን አርሞ አስተማማኝ አደረጋቸው። ዛሬ በኤሌክትሪክ ዳቦ መጋገሪያዎች ውስጥ ከሚገኙት ረጃጅም ዳሳሾች ብዙዎቹ የዚህ ዘር ሲሆኑ፣ በስፋት የሚሠራበት አንዱ ዓይነት በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1000 ኦም፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 1385 ኦም ያህል ያሳያል።

የፋራዴይን መንገድ መልሶ የከፈተው በ1930 የመጀመሪያውን ለገበያ የሚሆን ቴርሚስተር የሠራው አሜሪካዊው ሳሙኤል ሩበን ነው። ቴርሚስተር ከብረት ኦክሳይዶች ዱቄት ተጋግሮ የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ የምስር ፍሬ የሚያህል ክፍል ሲሆን፣ በቤት ዕቃዎች ውስጥ የተለመደው ዓይነት ሙቀቱ ሲጨምር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፤ በተራ የክፍል ሙቀት አካባቢ በአንዲት ዲግሪ ለውጥ 4 በመቶ ያህል ስለሚለዋወጥ ከፕላቲነም እጅግ የነቃ ነው። ይህ ንቃቱ ርካሽ በሆነ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እንዲነበብ ያስቻለው ሲሆን፣ ለውጡ ቀጥታ መስመር የማይከተል በመሆኑ ግን እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ የሙቀትና የኦም ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል፤ ጠጋኞች በኋላ ለሚገጥማቸው ችግር አንዱ ምንጭም ይኸው ነው።

ማይክሮዌቭ ምድጃ ወደ ታሪኩ የሚገባው በዚህ ላይ ሲሆን፣ አገባቡ ብዙ ጊዜ ከሚነገረው የበለጠ ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር የተሳሰረ ነው። በአሜሪካ በ1920ዎቹ ጆን ስፔንሰር የተባለ ባለሙያ ከሁለት ብረቶች የተጣበቀ፣ በመጠኑ የጎበጠና በተወሰነ ሙቀት ላይ በድንገት ቀጭ ብሎ ወደ ሌላው ጎን የሚገለበጥ ክብ ሳህን ሠራ። የጥምር ብረት ዘንግ ቀስ እያለ ስለሚታጠፍ የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹ ሲለያዩ ብልጭታ እየፈጠሩ ይቃጠሉ ነበር፤ ሳህኑ ግን በቅጽበት ስለሚገለበጥ ይህን ችግር አስቀረ። ፈጠራው በኩባንያ ደረጃ እንዲመረት ካደረጉት መካከል ሎረንስ ማርሻል ሲገኝበት፣ ኢንጂነሩ ቫኔቫር ቡሽ የኩባንያው አማካሪ ሆነው ሠርተዋል፤ እነዚሁ ሁለት ሰዎች በ1922፣ በኋላ ሬይቴዎን ተብሎ የተጠራውን ድርጅት ከፊዚክስ ሊቁ ከቻርልስ ስሚዝ ጋር የመሠረቱ ናቸው። ማይክሮዌቭ ምድጃ የተወለደው በዚሁ በሬይቴዎን ቤት ነው፤ እስከ ዛሬም በምድጃው ውስጥ ከልክ ያለፈ ሙቀት ሲመጣ ኃይል የሚያቋርጠው መከላከያ በአብዛኛው የዚያው ተገልባጭ ሳህን ዝርያ ነው።

የምድጃው ልብ የሆነው ማግኔትሮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ወደ ማይክሮ ሞገድ የሚለውጠው ቱቦ፣ በጉድጓዳማ ቅርጹ የተሠራው በየካቲት 1940 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በጆን ራንዳልና በሃሪ ቡት ሲሆን ዓላማው ራዳር ነበር። በዚያው ዓመት መሣሪያው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሬይቴዎን በብዛት ከሚያመርቱት አንዱ ሆነ፤ የማምረቻ ዘዴውን በማሻሻል የታወቀው ፐርሲ ስፔንሰርም በ1945 ሞገዱን ለምግብ ማብሰያነት ለማዋል የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ መብቱ በ1950 ተሰጠው። በ1947 ለገበያ የቀረበው ራዳሬንጅ የሰው ቁመት የሚያህልና ወደ 340 ኪሎ የሚመዝን፣ ማግኔትሮኑም በውኃ የሚቀዘቅዝ ስለነበር ለሆቴልና ለመርከብ እንጂ ለቤት አልሆነም፤ በ1955 ታፓን የተባለው ኩባንያ ለቤት ያቀረበው ምድጃ ዋጋው 1295 ዶላር ነበር፤ በእርግጥ ወደ ቤት የገባው አማና በ1967 በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን በ495 ዶላር ሲያቀርብ ነው።

ማግኔትሮኑን የሚያቀዘቅዘው ውኃ በኋላ በአየር መተካቱ ለብልሽት ፍለጋ ታሪክ ከዋጋው መውረድ ይልቅ ይመዝናል። ማግኔትሮን ከሚቀበለው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ሞገድ የሚለውጠው ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው በራሱ በቱቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ሙቀት የሚወስደው ማራገቢያ ቢቆም፣ የአየር መውጫው በአቧራና በቅባት ቢደፈን ወይም ምድጃው ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቢቀመጥ ቱቦው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከልክ በላይ ይግላል። ስለዚህ አምራቾች በማግኔትሮኑ ገላ ላይ ተገልባጩን ሳህን ገጠሙ፤ እንደየምድጃው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ሲደርስ መስመሩን ይከፍታል፤ ሲቀዘቅዝም ብዙዎቹ መልሰው ይዘጋሉ። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሱን የሚያድን ምድጃ ሲያጋጥም፣ ሳህኑ ተበላሸ ከማለት በፊት ሳህኑ ሥራውን ሠራ ማለት ይቀድማል።

ይህ መከላከያ ግን ስለ ምግቡ የሚያውቀው ነገር የለም። በማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጥ አየሩ እምብዛም ስለማይሞቅና ሙቀቱ በምግቡ ውስጥ ስለሚፈጠር፣ የጋዝ ምድጃ መቆጣጠሪያ የሚለካው ዓይነት ሙቀት በክፍሉ ውስጥ አይገኝም፤ ተራ የብረት ቴርሞሜትርም በሞገዱ ውስጥ ሲቀመጥ ሞገዱን ስለሚስብ ወይም ብልጭታ ስለሚፈጥር ንባቡ አይታመንም። በ1970ዎቹ የመጣው የመጀመሪያ መፍትሔ ጫፉ ላይ ቴርሚስተር የያዘ፣ ከሞገዱ በብረት ሽፋን የተጋረደና በምድጃው ግድግዳ ላይ ባለ ሶኬት የሚሰካ የሥጋ መውጊያ ነበር፤ ማሟሻ የነበረውን ብልጫ፣ ራሱን ምግቡን የመለካትን፣ ያመጣው እርሱ ቢሆንም ለሾርባ፣ ለአትክልትና ለተበታተነ ምግብ ስላልተመቸ በገበያው ላይ አልጸናም። በዚያው አሥርት ዓመት ማይክሮፕሮሰሰር ወደ ምድጃው ገብቶ ስለነበር ጃፓናውያን አምራቾች ሌላ መንገድ መረጡ፤ ምግብ ሲሞቅ እንፋሎት ይወጣልና እንፋሎቱን በመከታተል የምግቡን ሁኔታ መገመት ይቻላል።

ከእነዚህ የእንፋሎት ዳሳሾች መካከል በስፋት የተሠራበት አንዱ ዓይነት፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቴርሚስተሮችን የያዘ ነው፤ አንዱ ደረቅ አየር በታሸገበት ዕቃ ውስጥ፣ ሌላው ቀዳዳ ባለው ዕቃ ውስጥ ሆነው ሁለቱም በሚያልፍባቸው ፍሰት ወደ 150 ዲግሪ ያህል እንዲግሉ ይደረጋል። እንፋሎት ያለበት አየር ሙቀትን የሚወስድበት መጠን ከደረቅ አየር ስለሚለይ ክፍት የሆነው ቴርሚስተር ከታሸገው ጋር የነበረው ሚዛን ይዛባል፤ ቦርዱም ይህን መዛባት አንብቦ እንፋሎቱ የወጣበትን ቅጽበት ይመዘግባል፤ እስከዚያ የፈጀውን ጊዜ ለምግቡ ዓይነት በተወሰነ ቁጥር አብዝቶ ቀሪውን የማብሰያ ጊዜ ያወጣል። ከዚህ የሚነሣው የብልሽት ጥሪ አብዛኛው ብልሽት አይደለም፤ የምድጃው ውስጥ ቀድሞ እርጥብ ወይም ሞቃት ከነበረ መነሻው ይዛባል፤ የምግቡ ክዳን ፈጽሞ ከታሸገ እንፋሎቱ አይወጣም፤ ከመጀመሪያው እንፋሎት በፊት በሩ ከተከፈተ የተጠራቀመው ይበተናል። ምድጃውን ጠርጎ አድርቆ፣ ማራገቢያው እንዲያቀዘቅዘው ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ፣ አንድ ስኒ ውኃ በዳሳሽ ፕሮግራም ማስኬድ የምድጃውን ክዳን ከመፍታት በፊት ሊደረግ የሚገባ ፈተና ነው።

ችግሩ ከዚህ ካለፈ የፍለጋው ጠባይ ይለወጣል። በተገልባጭ ሳህን ዘመን የጠጋኙ ጥያቄ አንድ ነበር፤ መስመሩ ተዘግቷል ወይስ ተከፍቷል የሚለውን ቴስተር የተባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ በአንድ ድምፅ ይመልስለታል። ቴርሚስተር ግን እንዲህ ባለ ጥያቄ አይመረመርም። ቦርዱ ቴርሚስተሩን ከአንድ ቋሚ ሬዚስተር ጋር በተከታታይ አያይዞ በመካከላቸው ያለውን ቮልት ያነብባል፤ ሽቦው ከተበጠሰ ሬዚስታንሱ መጠን የለሽ ስለሚሆን ቦርዱ ሊኖር የማይችል ቅዝቃዜ፣ ሽቦዎቹ ከተነካኩ ደግሞ ሊኖር የማይችል ሙቀት ያያል፤ በሁለቱም ጊዜ የስሕተት ምልክት ያወጣል። እንግዲህ ምልክቱ የሚናገረው በመስመሩ ላይ ያለው ንባብ ከተፈቀደው ክልል መውጣቱን ብቻ ሲሆን፣ ጥፋቱ በቴርሚስተሩ ፍሬ፣ በሽቦው፣ በመሰኪያው ወይም በራሱ በቦርዱ መሆኑን አይለይም። ሦስተኛውና አስቸጋሪው ሁኔታ ንባቡ በክልሉ ውስጥ ሆኖ የተሳሳተ ሲሆን ነው፤ በቅባት የተሸፈነ ወይም ከቦታው የተነቃነቀ ዳሳሽ ሳይጠፋ ይዋሻል፣ ምልክትም አያወጣም፣ ምግቡ ብቻ ጥሬ ይሆናል ወይም ያርራል።

ልምድ ያላቸው ጠጋኞች የሚከተሉት ቅደም ተከተል ከዚህ የመነጨ ነው። በመጀመሪያ የማራገቢያው መዞርና የአየሩ መንገድ ይታያል፤ ዳሳሹ እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላልና። ቀጥሎ ዳሳሹ ከቦርዱ ተነቅሎ ብቻውን በቴስተር ይለካል፤ የተገኘው ኦም ለዚያ ሞዴል በተሰጠው ሠንጠረዥ ላይ ከክፍሉ ሙቀት ጋር ይመሳከራል፤ አንዳንዱ ዓይነት በክፍል ሙቀት 10 ሺህ ኦም፣ ሌላው ከዚያ አብልጦ ስለሚያሳይ ያለ ሠንጠረዥ የሚሰጥ ፍርድ ግምት ነው። ከዚያም ፍሬውን በጣት መሐል ይዞ ማሞቅ ይበቃል፤ ጤነኛው ንባብ ሳይዘል በዝግታ ይወርዳል፣ የሚዘል ወይም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ፍሬው ወይም ሽቦው ተጎድቷል። እነዚህን ሁሉ ካለፈ መሰኪያው በዝገትና በቅባት ይመረመራል፤ ቦርዱ የሚጠረጠረው ከሁሉ በኋላ ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ከቦርዱ ይጀመራል፤ ቦርድ መቀየር ከመመርመር ይቀላልና፣ ሂሳቡን የሚከፍለውም ባለቤቱ ነው።

ይህ ሥራ ከሌላ የቤት ዕቃ ጥገና የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የምድጃው ትራንስፎርመርና ካፓሲተር የሚባለው የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ለማግኔትሮኑ ብዙ ሺህ ቮልት የሚያቀርቡ ሲሆን፣ ካፓሲተሩ ምድጃው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ለመግደል የሚበቃ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በራሱ እንዲያፈስ የተገጠመለት ክፍል ቢኖርም ያ ክፍል ራሱ የሚበላሽ ነው። ዳሳሹ በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራ መሆኑ ብዙዎችን ያዘናጋል፤ ወደ ዳሳሹ ለመድረስ የሚፈታው ክዳን ካፓሲተሩንም የሚያጋልጥ ነውና፣ ስለ ማፍሰሻው ሥልጠና የሌለው ሰው ክዳኑን መፍታት የለበትም።

በኢትዮጵያ የሚገጥም አንድ ሁኔታ ደግሞ ከዳሳሽ ጥፋት ጋር ተቀላቅሎ ብዙ ግራ ያጋባል። ከአሜሪካ በዘመድ ወይም በተመላሽ የሚመጣ ምድጃ ለ120 ቮልትና በሴኮንድ 60 ጊዜ (60 ሄርዝ) ለሚመላለስ ኤሌክትሪክ የተሠራ ሲሆን፣ የአገሩ መስመር 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ቮልቱን የሚቀንሰው መለወጫ ሄርዙን አይለውጥም፤ ለ60 የተጠቀለለ ባለ ብረት እምብርት ትራንስፎርመር በ50 ላይ ሲሠራ እምብርቱ ከመጠን በላይ በመግነጢስ ስለሚሞላ ይግላል፤ ሰዓቱን ከመስመሩ የሚቆጥር ምድጃ ደግሞ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ የሰዓት መዘግየት ነጻ ምርመራ ነው፤ ሰዓቱ የሚዘገይ ምድጃ በየጊዜው እየጋለ ከጠፋ ጥፋቱ ከዳሳሹ ይልቅ ከመስመሩ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነም ዳሳሽ በመለወጥ አይድንም።

እንዲህ ባለ ጊዜ በየሱቁ የሚወሰደው አቋራጭ መከላከያ ሳህኑን ዘልሎ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት ወይም በተለመደው አነጋገር ዳይሬክት ማድረግ ነው። ምድጃው ይሠራል፣ ደንበኛውም ይደሰታል፤ ነገር ግን በማግኔትሮኑና በእሳት መካከል የቆመው ጠባቂ ተነሥቷል። የአዲስ ሳህን ዋጋ ጥቂት ሲሆን የሚከፈትበት ዲግሪም ብዙ ጊዜ በገላው ላይ ታትሞ ይገኛል፤ የሚቀይረው ሰው ከአሮጌው ላይ ያንን ቁጥር አንብቦ ተመሳሳዩን ብቻ ይግጠም።